ከላይ ያለው ስም

ወይዘሮ ወርቅነሽ ከጋፋት አንድ ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው የልጃቸውን በር ሲገፉ መጀመሪያ ከአፋቸው የሚወጣው «እንዴት አደርሽ» አይደለም። ነጠላቸውን እንኳ ሳያራግፉ ጥግ ወደቆመው ሳጥን በአገጫቸው ይጠቁሙና «ዛሬም ከላይ ነው?» ይላሉ። ፈንታነሽም «ከላይ ነው እምዬ» ትላለች። እግዚአብሔር ይመስገን የሚባለው፣ ጉንጭ ለጉንጭ የሚሳሳሙት፣ ስለ ላሟ ወተትና ስለ ገብሱ ማማር የሚያወሩት ከዚያ በኋላ ነው። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ ከረሙ። በመስኮት ያለፈ ሰው ቢሰማ «አሮጊቷ ለይቶላቸዋል» ማለቱ አይቀርም። ፈንታነሽ ግን በእናቷ ለመሳቅ አፍ የላትም፤ እሷም ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ፣ ገና ሳታማትብ፣ ቀድማ የምታየው ያንኑ መስታወት ነው።

ሳጥኑ የጨዋታ ማሽን ነው፤ ያውም የጥንት። ቁመቱ ሰው ያክላል፣ ከመስታወቱ ሥር በመዳፍ የምትሽከረከር ኳስና ሦስት ቁልፎች አሉት፣ ጎኑ ላይ «አታሪ» የሚለው የፈረንጅ ጽሑፍ ግማሹ ተልጧል። ፈንታነሽ ኩዌት ሰባት ዓመት ስትሠራ የቤቱ ሽማግሌ በጉብዝናቸው ዘመን ገዝተው ምድር ቤት ጥለውት ኖሮ፣ አቧራውን የምትወለውለው እሷ ነበረች። አገሯ ስትገባ «የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ውሰጂው» አሏት። በመርከብ ተጭኖ ሲመጣ የከፈተው ፈታሽ «የሰው ልጅ ወርቅ አስሮ ይመጣል፣ አንቺ ቁም ሳጥን ተሸክመሽ መጣሽ!» ብሎ ሆዱን ይዞ ስቆባታል። እሷ ምን ተዳዋ፤ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ጀርባ አንዲት ክፍል በሦስት ሺህ አምስት መቶ ብር ተከራይታ፣ ሁለት ቴሌቪዥን ለኳስ ጨዋታ አስቀምጣ፣ አሮጌውን ሳጥን ጥግ አቁማ ጌም ቤት ከፈተች። ኳሱ ዐሥር ብር፣ ሳጥኑ አምስት ብር። የጭቃ ግድግዳው ካርቶን ተለጥፎበታል፣ መሬቱ ላይ ሰማያዊ ላስቲክ ተነጥፏል፣ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋዋ አለ። ከጉና የሚወርደው ብርድ በቆርቆሮው ሥር እየሾለከ ስለሚገባ ጎረምሶቹ እጃቸውን እያፋተጉ ነው የሚጫወቱት።

የቴሌቪዥኑ ኳስ ሳጥኑን ያስረሳዋል ብላ ነበር፤ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። በጨዋታው ውስጥ ከታች ስድስት ትናንሽ ከተሞች ተደርድረዋል። ከላይ፣ ከጨለማው ሰማይ፣ የእሳት ክር ይወርዳል። ተጫዋቹ ኳሷን እያሽከረከረ ከምድር ይተኩሳል፤ ያመለጠው ክር ከተማ ላይ ያርፍና ከተማዋ ድራሿ ይጠፋል። ማሸነፍ የሚባል ነገር የለበትም። የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን እሳቱ እየፈጠነ ይመጣል፤ የሚቆጠርልህ ስንት እንደቆየህ ብቻ ነው። በዚህ የፈንታነሽን ታናሽ ወንድም ይሻውን የሚያህል አልተገኘም። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ግንበኛ፣ መዳፉ ሻካራ፣ ዝምተኛ። የእሱ ብልሃት ገና ከጅምሩ ሁለት ከተማ መርጦ አራቱን መተው ነበር። «እነዚያስ ሰው የለባቸውም?» ብላ ስትቆጣው ዓይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል «ሁሉንም ላድን ያለ ሁሉንም ያጣል፣ እቴ» ይላታል። ይህ አነጋገሩ አንድም ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

ብዙ ነጥብ ያመጡ ስምንት ሰዎች በሦስት በሦስት የፈረንጅ ፊደል ስማቸውን ይጽፋሉ። ታዲያ ማሽኑ የድሮ ነውና ማስታወስ አልተፈጠረለትም፤ መብራት ከተቋረጠ ሁሉን ይረሳል። ሲመለስ ስማቸውን የማያውቋቸውን ስምንት ባዕዳን ከትንሽ ትንሽ ነጥብ ጋር ደርድሮ ይጠብቃል፤ የሠሩት ሰዎች ናቸው ይባላል። በደብረ ታቦር መብራት ደግሞ ስም ውሎ የማደሩ ነገር በዕድል ነበር። ይሻው የመጨረሻውን ከፍተኛ ነጥብ ያስመዘገበው አንድ ሐሙስ ነው። ከመስታወቱ ፈቀቅ ብሎ ስሙን አየና ሳቀ፤ «ነገ አንበሳሜ ከተማ ሥራ አለኝ፣ እስክመጣ አታጥፊው» አላት። ሄደ። ስልኩ ዓርብ ማታ ተዘጋ፤ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። እሷም አላጠፋችውም። የመኪና ባትሪና መብራት ሲጠፋ ከባትሪው የሚስብ ኢንቨርተር ገዛች፣ ሌሊት ሁለት ሦስቴ እየተነሣች ታያለች፣ ኳሷንም ከዚያ ወዲህ የነካ የለም። አንድ ጊዜ ስሙን በስልኳ ፎቶ አንስታው ነበር፤ ኬላ ላይ የሰው ስልክ እየተበረበረ መሆኑን ስትሰማ አጠፋችው። ፎቶ ቢሆንም ለእናቷ አያጠግባቸውም። ወይዘሮ ወርቅነሽ የአማርኛውንም የፈረንጁንም ፊደል አይለዩም፤ ግን የላይኛውን መስመር መልኩን ለይተውታል፣ እዚያ እስካለ ድረስ ልጃቸው በሕይወት አለ ብለው ቆርጠዋል። ፈንታነሽ «እንዲህ አይዶለም እምዬ» ልትላቸው ስንት ጊዜ አፏን ከፍታ ስንት ጊዜ መልሳ ገጠመችው።

በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ዕለት፣ መብራት የጠፋው ጎሕ ሲቀድ ነው። ኢንቨርተሩ ሲጮህ ስለነቃች ለደሳለኝ ደወለችለት። ደሳለኝ በሐሙሲት መስመር ሚኒባስ የሚነዳ የይሻው ጓደኛ ነው፤ በሳጥኑ ላይ ሦስተኛው ስም የእሱ ነው። ትርፍ ባትሪ ሞልቶ ከረፋዱ በፊት እንደሚያመጣላት ነገራት። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ከትናንት ወዲያ ሐሙስ እሱው ሹክ ያላት ወሬ ትዝ አላት። ወደ አንዲት የማዶ ከተማ የጠፉ ልጆችን እንመዘግባለን የሚል ሰው መጥቶ ነበር አሉ። እናቶች ተሰለፉ። ሰውየው የጠፋውን ልጅ ጓደኞች ስም ጠየቀ፣ እናቶችም ልጃቸው እንዲገኝላቸው አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት። በሳምንቱ ጓደኞቹ ከየቤታቸው ተወሰዱ፤ ማን እንደወሰዳቸው አልታወቀም፤ ድምፃቸው አልተሰማም። «የሾፌር ወሬ ነው፣ ግማሹን ጣይው» ብሎ ነበር ደሳለኝ ራሱ። ግማሹ ቢጣልም የቀረው ይበቃል ስትል አሰበች።

ወይዘሮ ወርቅነሽ ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። ፊታቸው ከወትሮው የተለየ ነበር፤ ብርሃን ነበረበት። «ከላይ ነው?» አሉ፤ «ከላይ ነው» ተባሉ፤ ግን ስለ ላሟ አላነሱም። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን እጅ ያዙ።

«ፈንትዬ፣ ዛሬስ እሰይ በይኝ። ትናንት ከቅዳሴ ስወጣ አንድ ጨዋ ሰው አገኘሁ። አቶ ዓለምነው ይባላል። የጠፉ ልጆችን እየመዘገበ ነው። ቁጭ ብሎ፣ አንቱ እያለ፣ ሁሉን ጠየቀኝ። ቁመቱን ነገርሁት፣ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ ነገርሁት፣ ለብሶት የሄደውን አረንጓዴ ሹራብ ሳይቀር ነገርሁት። እስከ ዛሬ እንዲህ አድርጎ የጠየቀኝ አለ?»

«የለም» አለች ፈንታነሽ። እውነቷን ነው። ፖሊስ ጣቢያ ሦስት ጊዜ ሄዳለች፤ ሦስቴም «እናጣራለን» ተብላ ተመልሳለች። «ሌላስ ምን ጠየቀሽ እምዬ?»

«ጓደኞቹን ጠየቀኝ። በምን አውቃቸው? እኔ ገጠር ነኝ፣ እነሱ ከተማ። ነገር ግን እኅቱ ዘንድ ሳጥን አለ፣ እሱም ከላይ ነው፣ ጓደኞቹም ከሥሩ ተጽፈዋል፣ ከነእሱ ስምንት ናቸው አልሁት። ደስ አለው። ዛሬ ከሰዓት እዚሁ ድረስ መጥቶ ይጽፋቸዋል። ቤትሽንም በደንብ አመላክቼዋለሁ።»

ፈንታነሽ ቀና ስትል ደሳለኝ ባትሪውን በሁለት እጁ ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል። ሁሉን ሰምቷል። ባትሪው ከባድ ነው፣ ግን ማስቀመጡን ረስቶታል። ሚስቱ ብዙነሽ የስምንት ወር እርጉዝ ናት፤ ባለፈው ሳምንት እዚህ ቤት ቁጭ ብላ ለሕፃኑ የምታወጣውን ስም ስታማርጥ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ አሁን ሮጠው የማይመልሱት ቃል ከጋፋት ወጥቶ መንገድ ላይ ነው። «ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» አሉ ወይዘሮ ወርቅነሽ። ደሳለኝ ባትሪውን ቀስ አድርጎ ከደጃፉ ላይ አኖረ። «ሞልቼዋለሁ፣ እቴ ፈንታ» አላት፤ «እስከ ማታ ይወስድሻል።» አጥፊው አላለም። አታጥፊውም አላለም። እጁን በሱሪው ጠራርጎ፣ እናትየውን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ፣ ሚኒባሱን እንኳ ሳያስነሣ ወደ ቤቱ በእግሩ ሄደ።

ቢለምናት ይሻላት ነበር። ቢለምናት ትቆጣለች፣ ትመልስለታለች፣ «ወንድሜ ነው እኮ!» ትላለች። አሁን የምትቆጣው ሰው አጥታ ከራሷ ጋር ቀረች። ሳጥኑ እንዳይጠፋ አዲሱን ባትሪ ከአሮጌው ጎን አያይዛ ስታበቃ ደንበኞች ሲመጡ «መብራት የለም» እያለች መለሰቻቸው። እናቷ ሳጥኑ ፊት በርጩማ ስበው ተቀመጡ፤ እንግዳ ሲመጣ ቤቱ እንዲጸዳ አዝዘው፣ ራሳቸው በነጠላቸው ጫፍ መስታወቱን ወለወሉት። ማሽኑ ሰው ሳይነካው ለብቻው ይጫወታል፤ እሳቱ ይወርዳል፣ ከተሞቹ ያልቃሉ፣ ከዚያ ዝርዝሩ ይመጣል፣ ከዚያ እንደገና እሳቱ ይወርዳል። ዝርዝሩ በመጣ ቁጥር ወይዘሮ ወርቅነሽ አንገታቸውን ሰበር ያደርጋሉ፤ ታቦት ሲያልፍ እንደሚያደርጉት ነው።

ሰውየው እውነተኛ ቢሆንስ? ፈንታነሽ ይህን ከአንድ መቶ ጊዜ በላይ አላመጠችው። እንጀራውም እንደቀረበ ቀርቷል። ምናልባት በሰማይ በምድር ይሻውን ለማግኘት የቀረው መንገድ ይህ ብቻ ይሆናል፤ ምናልባት አቶ ዓለምነው የሚባለው ሰው ልጅ የጠፋበት አባት ይሆናል፤ የሾፌር ወሬ ሰምታ በሩን ዘግታበት ወንድሟ ከአንድ ቦታ ሆኖ የሚጠራው ሰው ቢያጣስ? በዚህ ላይ ደግሞ ያቺ ስም የእጁ ናት። ሌላ ምን ትቶ ሄደ? አንድ ጫማ፣ አንድ የግንበኛ ውሃ ልክ፣ ሦስት የፈረንጅ ፊደል። ወደዚያ ስታስብ ደሳለኝ ባትሪውን እንደታቀፈ ይመጣባታል። ፈራች፤ በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም፣ ኩዌት የመጀመሪያው ሌሊት እንኳ እንዲህ አልፈራችም። ስምንት ሰዓት ላይ ከእናቷ እግር ሥር ላስቲኩ ላይ ተቀመጠችና ሁሉን ነገረቻቸው፤ የማዶዋን ከተማ፣ እናቶቹን፣ በሳምንቱ የሆነውን።

የመናኸሪያው ጩኸት ይሰማል፤ ረዳቶች «ወረታ! ወረታ!» ይላሉ።

«ወሬ ሊሆን ይችላል» አሉ ወይዘሮ ወርቅነሽ።

«ሊሆን ይችላል እምዬ።»

«ላይሆንም ይችላል።»

«ላይሆንም ይችላል።»

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አሉና መዳፋቸውን አፋቸው ላይ አኖሩ። ከዚያ አወረዱት። «ስምንቱም እናት አላቸው?»

«ጋሹ እናቱ ሞተዋል። አክስቱ ናቸው ያሳደጉት።»

«ያው እናት ናት።» ዝርዝሩ መጣ። «ከላይ ጀምረሽ ጥሪልኝ እስቲ።»

ፈንታነሽ ጠራች፦ ይሻው፣ ጌጡ፣ ደሳለኝ፣ ሀብታሙ፣ ፋሲል፣ ጋሹ፣ ደምመላሽ፣ እንየው። እናቷ እያንዳንዱን ከእሷ እየተቀበሉ በለሆሳስ ደገሙት፤ በመጀመሪያው ስም ላይ ብቻ ድምፃቸው ትንሽ ሰበር አለ። «ገመዱ የቱ ነው?» አሉ። «እኔ ልንቀለው» ስትል እጇን ገፉት። «የተናገርሁት እኔ ነኝ» አሉ። በጉልበታቸው ተንበርክከው ከሳጥኑ ጀርባ እጃቸውን ሰደው ገመዱን ሳቡት። መስታወቱ መሐል አንዲት ነጭ ነጥብ ቀረች፤ እሷም ጠፋች። ፈንታነሽ እዚያው ወለሉ ላይ ሆና አለቀሰች፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ እናቷ ግን አላለቀሱም፣ ጉልበታቸውን እየዳበሱ ተነሡና «መልሰሽ ሰኪው» አሏት። «ባዶ ሆኖ ካገኘው ይጠረጥረናል።» ሰካችው። ማሽኑ ጮኸ፣ ብልጭ ብልጭ አለ፣ እሳቱም ከተሞቹም ተመለሱ። ከዚያ ስምንቱ ባዕዳን ቦታቸውን ያዙ።

አቶ ዓለምነው ዐሥር ሰዓት ላይ መጣ። በእርግጥም ጨዋ ነበር። ጫማውን በደጃፉ ድንጋይ ላይ ፈግፍጎ ገባ፣ ቤቱን «ጥሩ ነው» አለ፣ ኪራዩ ስንት እንደሆነ ጠይቆ ከንፈሩን መጠጠ፣ ስለ ዘይት ዋጋ መናር አንድ ሁለት ነገር አለ። ብርቱካንማ ሚሪንዳ ሰጡት፤ ግማሹን ጠጣ። ከዚያ ከጃኬቱ ውስጥ ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ ደብተር አውጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ፈንታነሽ ጠርሙሱን ለማንሣት ስታጎነብስ ገጹን አየችው። ከላይ «ይሻው» ተብሎ ተጽፏል። ስለ ቁመቱ የተጻፈ የለም። ስለ ጠባሳው የለም። አረንጓዴ ሹራብ የሚል ቃል የለም። ከስሙ ሥር ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር ተደርድሮ፣ ከየቁጥሩ አጠገብ ባዶ መስመር ተሰምሯል። ጠርሙሱን ይዛ እስክትቆም ድረስ ጊዜ ወሰደባት።

ዝርዝሩ ሲመጣ ሰውየው ወደ መስታወቱ ጠጋ አለና ከላይ እስከ ታች በጥንቃቄ ገለበጠው፤ ባዶው መስመር አንድ በአንድ ሞላ። ፈንታነሽ ለመናገር ድፍረቱን ያገኘችው ሲጨርስ ነው። «የአገር ሰዎች አይደሉም ጌታዬ። ማሽኑን የሠሩት ፈረንጆች ናቸው፣ ከፋብሪካው ይዞት የመጣ ነው።»

«ይጣራል» አለ ቀና ሳይል። «ስም ካለ ሰው አይጠፋም።» ከዚያ ወደ ወይዘሮ ወርቅነሽ ዞረ። «እናቴ፣ ልጅዎ ከላይ ነው ብለውኝ አልነበረም? የታለ?»

«አርጅቻለሁ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ወርቅነሽ። «ያየሁትንና ያለምሁትን አልለይም። የእኔ ልጅ ስም እዚህ ላይ የለም፤ ኖሮም አያውቅም።»

ሰውየው ብዕሩን በደብተሩ ላይ ቀስ እያደረገ መታ መታ አደረገ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረበትም። «ስሙን ካለሙት» አለ፣ «መጥፋቱንም ሊያልሙት ይችላሉ ማለት ነው። ወይስ አልጠፋም? ከመዝገቡ ላውጣው?»

ፈንታነሽ እናቷን ልታያቸው አልደፈረችም፤ መሬት መሬት አየች። ሃያ ሦስት ቀን በአገኙት ደጅ ሁሉ «ልጄን አፋልጉኝ» ያሉ፣ ለአላፊ ለአግዳሚው ስሙን የጠሩ እናት ናቸው። ከሳጥኑ ውስጥ ከተማ ፈንድቶ ድምፁ በክፍሉ ሞላ።

«አውጣው» አሉ።

አቶ ዓለምነው በይሻው ስም ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ። ደብተሩን አጥፎ ተነሣ፣ ስለ ሚሪንዳው አመሰገነ፣ በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ሳጥኑ ዞር አለ። «አታጥፊው» አላት ለፈንታነሽ። «ሌላ ቀን እመለሳለሁ።»

ኮቴው ራቀ። ፈንታነሽ ስልኳን አንስታ ለደሳለኝ «አጥፍተነዋል» ልትለው ፈለገች፣ ከዚያ ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ቃል መናገር ደግ እንዳልሆነ አስባ መልሳ አኖረችው። ብርዱ ጠንቷል፤ ወይዘሮ ወርቅነሽ ሳይመሽ ጋፋት መግባት አለባቸው። ነጠላቸውን ተከናንበው ተነሡ፣ ልጃቸውን ሳሙ፣ ነገር ግን እግራቸው ደጁን አልወጣ ብሎ ወደ ሳጥኑ መለሳቸው። እሳቱ ወርዶ አበቃና ዝርዝሩ መጣ። የላይኛውን መስመር ብዙ አዩት።

«አሁን ከላይ ያለው የማን ልጅ ነው?»

«የፈረንጅ ልጅ ነው እምዬ። አናውቀውም።»

ወይዘሮ ወርቅነሽ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ።

«ሰውየው ጽፎታል እኮ» አሉ። «ምስኪን፤ እናቱ አልሰማች።»